ካይቲኔዝ ምንድን ነው?

ካይቲኔዝ ካይቲንን የሚቆራርጥ ኢንዛይም ነው። ካይቲን የጥንዚዛን ቅርፊት ከሚያጠነክሩት ነገሮች አንዱ ነው። በፈንገስ ሕዋስ ግድግዳ ውስጥም አለ። እንዲያውም መጀመሪያ የተለየው ከእንጉዳይ ነው፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1811 ፈረንሳዊው ኬሚስት አንሪ ብራኮኖ ነው ያገኘው።

የሚገርመው ግን ካይቲኔዝን ፈንገሱ ራሱ ማምረቱ ነው። የገዛ ግድግዳውን የሚቆርጥ መቀስ ምን ያደርግለታል?

ግድግዳው ለፈንገስ የሕይወት ጉዳይ ነው። ውስጥ ያለው ውኃ ወደ ውጭ በኃይል ይገፋል፤ ግድግዳ ባይኖር ሕዋሱ ይፈነዳል። የሩዝን ቅጠል በስቶ የሚገባ አንድ ፈንገስ አለ። በሚበሳበት ጊዜ ውስጡ ያለው ግፊት 8 ሜጋፓስካል ገደማ ይደርሳል። ይህ በመኪና ጎማ ውስጥ ካለው ግፊት ከ30 እጥፍ በላይ ነው! ይህን ሁሉ የሚችለው ስስ ግድግዳ ነው።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ግድግዳው ድርቅ ካለ እድገት የለም። ከልክ በላይ ከላላ ደግሞ ሕዋሱ ይፈነዳል። የሻጋታ ክር የሚረዝመው ጫፉ ላይ ነው። እዚያ ካይቲን ሲንቴዝ ካይቲኑን፣ ግሉካን ሲንቴዝ ደግሞ ግሉካን የሚባለውን ሌላውን የግድግዳ ቁስ ያለማቋረጥ ይሠራሉ። ቆራጮቹ ጫፉ ላይ ምን ያህል ድርሻ እንዳላቸው ግን ተመራማሪዎች እስካሁን ይከራከራሉ። አንድ ፈንገስ ብዙ ዓይነት ካይቲኔዝ ሊኖረው ስለሚችል አንዱን ጂን ቢያጠፉበትም ብዙ ጊዜ ማደጉን አይተውም። የገንቢዎቹ ጉዳይ ግን ግልጽ ነው። ካስፖፈንጂን የሚባለው መድኃኒት ግሉካን ሲንቴዝን ሲያግደው የአንዳንድ ሻጋታዎች ጫፍ ይፈነዳል። ሰው ይህ ግድግዳ ስለሌለው መድኃኒቱ የሚያነጣጥረው ፈንገሱን ነው።

የካይቲኔዝ ሥራ ጥርት ብሎ የሚታየው እርሾ ላይ ነው። እርሾ የሚራባው በማቆጥቆጥ ነው፤ እናቲቱ ሕዋስ ጎን ላይ ትንሽ እብጠት ይወጣና እያደገ ልጅ ይሆናል። በሁለቱ መካከል አንገቱ ላይ የካይቲን ቀለበት ይሠራል፤ ቀጥሎ የካይቲን ግድግዳ መሃሉን ይዘጋዋል። አሁን ሁለት ሕዋሶች ናቸው፣ ግን ተጣብቀዋል። ያኔ በልጅቷ በኩል ካይቲኔዝና ግሉካንን የሚቆርጠው ግሉካኔዝ ይለቀቁና መጋጠሚያውን ይቆርጡታል። የካይቲኔዙ ጂን ከጠፋ ሕዋሶቹ መለያየት አቅቷቸው እንደ ወይን ዘለላ ተንጠልጥለው ይቀራሉ።

እኔ ከሁሉም በላይ የምወደው ቀጥሎ የሚመጣውን ነው። መቀሱ አንዳንዴ አልፎ ይቆርጣል፤ የልጅቷ ግድግዳ ላይ ቀዳዳ ይከፈታል። እርሾ ይህን የሚጠግን ሌላ ካይቲን ሲንቴዝ አለው። ጠጋኙ ከሌለ፣ በተለይ አካባቢው አሲድ ሲሆን፣ ከልጆቹ አንዳንዶቹ በዚያች ቀዳዳ ፈሰው ይሞታሉ። እናቲቱ ላይ ደግሞ ክብ የካይቲን ጠባሳ ይቀራል። በልዩ ማቅለሚያ ነክሮ በፍሎረሰንስ ማይክሮስኮፕ ላየው ጠባሳው እንደ ቀለበት ያበራል። ቀለበቶቹን ቆጥሮ ስንት ጊዜ እንደወለደች ማወቅ ይቻላል።

ያለ ማይክሮስኮፕ ማየት ለሚፈልግ ደግሞ ኮፕሪኖፕሲስ የሚባሉት እንጉዳዮች አሉ። እንደ ዘር የሚበተኑት ስፖሮቻቸው ከጃንጥላው ጠርዝ ጀምረው ይበስላሉ። የበሰሉት ከተበተኑ በኋላ ያ ጠርዝ በራሱ ካይቲኔዝና ግሉካኔዝ ይሟሟል። እንደ ቀለም ጥቁር ሆኖ ይንጠባጠባል፤ ጥቁረቱ አብረው ከወረዱት ስፖሮች ነው። የታችኛው ሲወገድ ለላይኞቹ ስፖሮች መውጫው ይከፈትላቸዋል። እንዲህ እየሟሟ ወደ ላይ ይወጣል። በስተመጨረሻ ጃንጥላው ያልቅና ግንዱ ብቻውን ይቀራል።