ስለ ፍሜ የሚወራውና እውነታው፦ ኪስ ውስጥ ስለምትገባዋ ዘንዶ መሳይ እንሽላሊት

ፍሜ የለችም። መጀመሪያ ይሄን ልበላችሁና ልገላገል፣ ምክንያቱም ባለፈው ሰሞን አንድ ጎረቤታችን በር ላይ ቆሞ «እስቲ ያቺን እንስሳችሁን አሳዩኝ» ብሎኛል። ፍሜ እኔ የፈጠርኳት ናት። ደብረ ብርሃን ላይ መብራት ሲጠፋ ምሽቱ አይገፋም፣ ብርዱም ልጅ አያስተኛም፣ እና የወንድሜን ልጆች ዝም ለማሰኘት አንድ ማታ በሻማ «ከሌባ ጣቴ ትንሽ የምትበልጥ፣ ዘንዶ የምትመስል እንሽላሊት ነበረች፣ ጅራቷን ካጠፈች ክብሪት ቀፎ ውስጥ ትገባለች» ብዬ ጀመርኩ፣ በቃ ከዛ ወዲህ ማቆም የለም። አሁን የግቢው ልጆች በሙሉ ያውቋታል፣ ደብተራቸው ጀርባ ላይ ይስሏታል፣ ይጣሉባታል። ችግሩ እያንዳንዱ የራሱን ሲጨምርባት ሲጨምርባት እኔ የማላውቃት ሌላ ፍሜ ሰፈር ውስጥ መዞር ጀመረች። አንዱ እሳት ያስተፋታል፣ ሌላው የጣርማ በርን ተራራ በአንድ ክንፍ ያሻግራታል። እኔ ደግሞ ስፈጥራት አንድ ህግ ነበረኝ፦ በእውነት ያሉ እንሽላሊቶች የማይችሉትን እሷም አትችልም፣ አስማት ምናምን የለም። ስለዚህ እናስተካክል።

«ፍሜ ከተባለች እሳት መትፋቷ አይቀርም»

ስሙ ነው ያሳሳታቸው። ፍሜ ያልኳት ፀሀይ ሞቃ ስትነቃ ጉሮሮዋ ስር ያለው ቆዳ እንደ ከሰል ፍም ስለሚቀላ ነው። ማንደጃ ስታራግቡ ፍሙ ቦግ ይልና መለስ ብሎ ይጠቁር የለ፣ እንደዛ። ብዙ እንሽላሊቶች ጉሯሯቸውን ነፍተው ቀለሙን ያሳዩና ሌላውን «ዞር በል፣ ይሄ የኔ ቦታ ነው» ይሉታል፣ የፍሜም ከዛ የመጣ ነው።

እሳት የሚተፋ እንስሳ ደግሞ ምድር ላይ የለም። ትንሽ የሚቀርበው አንድ የጥንዚዛ ዘር ነው፣ ሆዱ ውስጥ ሁለት ኬሚካል ለየብቻ ያስቀምጥና የሚበላው ሲመጣ ቀላቅሎ መቶ ዲግሪ የሚደርስ ትኩስ ፈሳሽ ይረጫል። በየት በኩል? በቂጡ። ይሄን ለልጆቹ የነገርኳቸው ቀን ሳቁ አልቆም ብሎ የዛን ማታ ታሪክ እዛው ቀረ።

«ዘንዶ ናት፣ ዘንዶ ደግሞ የሰይጣን ነው»

ይሄ የእማዬ ነው። አልጋዋ ራስጌ ላይ የቅዱስ ጊዮርጊስ ስዕል አለ፣ ነጭ ፈረስ ላይ ሆኖ ዘንዶውን በጦር ሲወጋው፣ እና ልጆቹ «ፍሜ ትንሽ ዘንዶ ናት» ሲሏት አማተበችና «አንቺ ልጅ፣ እሱ የገደለውን አንቺ ቤቴ ውስጥ ልታሳድጊ ነው?» አለችኝ። መልስ አጣሁ ለትንሽ ጊዜ።

ግን ነገሩ ሲጣራ እኛ ዘንዶ የምንለው ሁለት ነገር ነው፣ አንዱ የስዕሉ፣ ሌላው ቆላ ያለው ትልቁ እባብ፣ ያ አድኖ ጨምቆ የሚውጠው። ፍሜ ሁለቱንም አይደለችም። አራት እግር አላት፣ ዓይኗን ታርገበግባለች፣ ከዓይኗ ኋላ ደግሞ ትንሽ የጆሮ ቀዳዳ አላት። እባብ የዓይን ቆብ የለውም፣ ዓይኑን መክደን አይችልም፣ የጆሮ ቀዳዳም የለውም። እግር የሌላቸው እንሽላሊቶችም ስላሉ የሚታየው እግር ብቻ አይደለም። እማዬ ይሄን ሁሉ በጥሞና ሰማችና «እንሽላሊት ከሆነች ትኑር፣ አልጋዬ ላይ ግን አትውጣ» ብላ ፈረደች።

«በባና ከጠቀለልናት ትሞቃለች»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ዋናው ስህተት ይሄ ነው፣ ትልልቅ ሰዎችም ይሳሳቱታል።

ሚጣ (የወንድሜ ትንሿ ልጅ) ፍሜን ከአሮጌ ካልሲ ሰፍታ አሻንጉሊት አድርጋታለች። ህዳር ላይ ነው፣ ውርጩ ሳሩን ነጭ አድርጎት የሚያድርበት ሰሞን፣ «ፍሜ በረዳት» ብላ የእማዬን ባና ጥግ በመቀስ ቆርጣ ጠቀለለቻት። ስለ ባናው የተባለውን እዚህ አልጽፈውም። እኔን የገረመኝ ግን ግቢው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ የተቆጣው ስለ ባናው ነው እንጂ አንድም ሰው «እንሽላሊት በባና አይሞቅም» ያላት የለም። እንደውም ታላቅ ወንድሟ «ቀዝቃዛ ደም ነው ያላት፣ ብርድ አይሰማትም» ብሎ ነው የተከራከራት፣ እሱም ተሳስቷል።

እንሽላሊት ደሟ ቀዝቃዛ አይደለም። እኩለ ቀን ላይ ድንጋይ ላይ ተዘርግታ ፀሀይ የሞቀች እንሽላሊት ሰውነቷ ከኛ እኩል ሊሞቅ ይችላል። ልዩነቱ እኛ ሙቀቱን ከውስጥ፣ ከበላነው እህል ነው የምንሰራው፣ እሷ ግን ከውጪ ነው የምትወስደው፣ ከፀሀይ፣ ከሞቀ ድንጋይ፣ ከሰው ኪስ። ባና ደግሞ እሳት አይደለም፣ ራሱ ሙቀት አያመነጭም፣ ያለውን ሙቀት እንዳይወጣ ይይዛል እንጂ። በግ በፀጉሩ የሚሞቀው ውስጡ ምድጃ ስላለው ነው። ቀዝቅዛ ያደረችን እንሽላሊት በባና ስትጠቀልላት ቅዝቃዜዋን ነው ያቀፍክላት፣ ጭራሽ ፀሀይዋን ትከለክላታለህ።

ልጆቹ አላመኑኝም። ስለዚህ ሁለት እኩል የሚሆኑ ድንጋዮች ማታ ውጪ አሳደርን፣ ጠዋት ውርጩ እላያቸው ላይ እንዳለ አንዱን በዛችው በተቆረጠችው ባና ጠቀለልነው፣ ሌላውን ራቁቱን ተውነው፣ ሁለቱንም ግድግዳው ስር ፀሀይ ላይ አስቀመጥናቸው። አራት ሰዓት ሲሆን ሚጣ ዳሰሰቻቸው። ራቁቱ ለብ ብሏል። ባና የለበሰው እጇን እስኪቀዘቅዛት ድረስ እንደ በረዶ ነበር። ደጋግማ ፈታ ጠቀለለችው፣ ማመን አቅቷት።

ስለዚህ የፍሜ ጠዋት እንዲህ ነው፦ ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ውስጥ እስከ ሶስት ሰዓት ድረስ ለምንም ነገር አትሆንም፣ ቀስ ብላ ትወጣለች፣ ሰውነቷን ለጥ አድርጋ ጎኗን ለፀሀይ ትሰጣለች፣ ቢጠሯት አትሰማም፣ ማለቴ ትሰማለች ግን መሮጥ አትችልም። ጀግንነቷ ሁሉ ከአራት ሰዓት በኋላ ነው። ሸዋ ሮቢት ብትወለድ ኖሮ ሌላ ፍጥረት ትሆን ነበር፣ እዛ ሌሊቱም ሞቃት ነው፣ ግን የፈጠርኳት እዚህ ነው ምን ላድርግ።

«የተቀመጠችበትን ነገር ትመስላለች»

አትመስልም፣ እስስትም እኮ አትመስልም። እኛ ሰው ሲገለበጥ «እስስት» ብለን የምንሰድበው በሐሰት ነው ያጠፋነው ስሟን። እስስት ቀለሟን የምትቀይረው በዋናነት በስሜትና በሙቀት ነው፣ ተቀናቃኝ ሲመጣ ትደምቃለች፣ ስትፈራ ትጠቁራለች፣ ሲበርዳትም ትጠቁራለች ምክንያቱም ጥቁር ነገር ፀሀይ ቶሎ ይስባል። አረንጓዴ ሻሽ ላይ ብታስቀምጧት አረንጓዴ፣ ቀይ ላይ ቀይ የሚባለው ተረት ነው። በፈረንጆቹ 2015 ጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች እንዴት እንደሆነ አሳይተዋል፦ ቆዳዋ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ደቃቅ ክሪስታሎች ተደርድረዋል፣ ስትረጋጋ ይጠጋጋሉ፣ ስትቆጣ ይራራቃሉ፣ በመሀላቸው ያለው ርቀት ሲለወጥ የሚመልሱት የብርሃን ቀለም ይለወጣል። ቀለም ተቀብታ አይደለም ማለት ነው፣ ብርሃኑን ነው የምትጫወትበት። ፍሜም እንደዛው፣ ጠዋት ከሰል፣ ቀን መዳብ፣ ስትናደድ ጉሮሮዋ ፍም። የእማዬ ነጠላ ላይ ብትወጣ ጥለት አታወጣም።

«ትበራለች»

ትንሸራተታለች እንበል። በደቡብ ምስራቅ እስያ ጫካዎች ውስጥ ሳይንሳዊ ስማቸው ድራኮ፣ ማለትም ዘንዶ፣ የተባለ ትንንሽ እንሽላሊቶች አሉ፣ የጎን አጥንታቸው ረዝሞ ቆዳ ተወጥሮበታል፣ ከዛፍ ሲዘሉ እንደ ዣንጥላ ይከፍቱትና አስር ሃያ ሜትር፣ አንዳንዴም ከዛ በላይ ተንሳፍፈው ሌላ ዛፍ ላይ ያርፋሉ። ክንፍ አያራግቡም፣ ወደ ላይ አይወጡም። ፍሜ ከቆርቆሮው ጫፍ እስከ ጎመን መደቡ ትደርሳለች፣ ከዛ በእግሯ ነው የምትመለሰው። ጣርማ በር ላይማ ንፋሱ ሰው ይገፋል፣ እሷን ቢያገኛት ደብረ ሲና ገበያ መሀል ነው የሚጥላት።

«ገና ህፃን ናት፣ ታድጋለች»

አታድግም፣ አሮጊት ናት ከፈለጋችሁ። በፈረንጆቹ 2021 ከማዳጋስካር ይፋ የተደረገች ብሩኬዥያ ናና የምትባል እስስት አለች፣ አዋቂው ወንድ ጅራቱ ሳይቆጠር 13.5 ሚሊ ሜትር ነው፣ ጥፍራችሁ ላይ ይቆማል። ከሱ ጋር ፍሜ ግዙፍ ናት። የኢንዶኔዥያው ኮሞዶ ሶስት ሜትር ይደርሳል አዎ፣ ግን እሱ የሌላ ዘር ነው፣ ድመት አድጋ አንበሳ አትሆንም።

«ጅራቷ ቢቆረጥ ምንም አይደል፣ ይበቅላል»

ይሄን ያመጣው አንድ ልጅ ነው፣ የካልሲዋን ፍሜ ጅራት ጎትቶ ቆርጦ «ይበቅላል» አለ፣ ሚጣ ነከሰችው። ልጁ ግማሽ እውነት አለው። ብዙ እንሽላሊት ሲያዝ ጅራቱን ጥሎ ያመልጣል፣ የወደቀው ጅራት እየተወራጨ ጠላትን ያዘናጋል፣ በኋላ ሌላ ይበቅላል። ግን በነፃ አይደለም፣ ጅራቱ ውስጥ ነው ስቡን የሚያጠራቅመው፣ እሱን ጣለ ማለት ለክፉ ቀን ያለውን ስንቅ ጣለ ማለት ነው። አዲሱም ውስጡ አጥንት ሳይሆን ለስላሳ ቅርጭጭት ብቻ ነው፣ መልኩም እንደ ድሮው አይሆንም። እስስትማ ጭራሽ አይበቅልላትም፣ ከተቆረጠ ተቆረጠ። ፍሜ ጅራቷን በታሪኩ ውስጥ አንዴ ጥላለች፣ ለአንድ ዶሮ፣ እስካሁን ትንሽ ጠመም ያለ ነው።

«ከነካችኋት ትመርዛለች»

እንሽላሊት ሲያይ ጫማ የሚያነሳ ሰው ብዙ ነው። መርዝ ያላቸው አሉ፣ ለምሳሌ አሜሪካና ሜክሲኮ በረሃ ያለው ሂላ የሚባል ወፍራም እንሽላሊት፣ ግን ከስንት ሺህ ዘር ውስጥ ጥቂቶች ናቸው፣ እሱም ሲነክስ ነው እንጂ ሲነካ አይደለም። ግድግዳችሁ ላይ ዝንብ የምትለቅም ምንም አታደርጋችሁም። ደሞ ከልክ በላይ እንዳልከላከልላቸው፣ እውነተኛ እንሽላሊት ነክታችሁ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፣ ሳልሞኔላ የሚባለውን የተቅማጥ ባክቴሪያ ብዙዎቹ ይይዛሉ። እንደ ፍሜ አደርጋታለሁ ብላችሁም ከጫካ እስስት ለቅማችሁ አታምጡ። አንድ ጊዜ የሰፈር ልጆች ከደብረ ሲና አንዷን በካርቶን አመጡና ውሃ በሳህን አቀረቡላት፣ እሷ የምትጠጣው ቅጠል ላይ ያለ ጠብታ ነው፣ ሳህኑን ዞር ብላም አላየችውም። በሶስተኛው ቀን ሞተች።

ስለ ምግቧ ብዙ አልልም፦ ነፍሳት ነው፣ ፌንጣ፣ ዝንብ፣ ትል። ሽሮ አትቀምስም። ሰውነቷን ለማሞቅ ምግብ ስለማታቃጥል ከሷ እኩል ከሆነች አይጥ በጣም ያነሰ ነው የምትበላው፣ ቀናት ሳትበላ ብትውል ብታድር ምንም አትልም። እማዬ «ፆመኛ ናት» ብላ ወዳት ነበር፣ በሁዳዴ ፌንጣ እንደምትበላ እስክትሰማ።

«ትወደኛለች»

ይሄኛውን ማረም ከባዱ ነው። እንሽላሊት ሞኝ አይደለችም፣ አውስትራሊያ ያለው ጺማም የሚባለው እንሽላሊት ሌላው የሽቦ በር ሲከፍት አይቶ ራሱም እንደከፈተ በሙከራ ታይቷል። የሚያበላትን ሰው ትለምዳለች፣ ከሱ አትሸሽም። ግን እንደ ውሻ ናፈቀችኝ ጠበቀችኝ ማለት ሌላ ነው፣ እኔ ፍሜን እንደዛ አላደረኳትም። በታሪኩ ውስጥ ፍሜ አንዲት ልጅ ኪስ ውስጥ የምትተኛው ኪሱ ስለሚሞቅ ነው።

ይሄን ስናገር ሚጣ አጠገቤ ነበረች፣ የእማዬ አልጋ ላይ።

«ስለምትወደኝ አይደለም?»

«ስለምትሞቂ ነው።»

ትንሽ አሰበች። «እሺ። እኔም እማማ ጋ የምተኛው ስለምትሞቅ ነው» አለችና ገብታ ተሸጎጠች፣ እማዬም ምንም ሳትናገር ጥጉ የተቆረጠውን ባና አነሳችና ደረበችላት።