ሞንትጎመሪ ካውንቲ፣ ሜሪላንድ፦ ዕጩዎች ምን ቃል ይገባሉ፣ ሥልጣናቸው እስከ የት ነው

ሞንትጎመሪ ካውንቲ ከዋሽንግተን ዲሲ በስተሰሜን የሚገኝ የሜሪላንድ ስቴት ካውንቲ ነው። በ2020 የሕዝብ ቆጠራ 1,062,061 ነዋሪ ተቆጥሮበታል፤ በስቴቱ ውስጥ በሕዝብ ብዛት የሚስተካከለው የለም። የአስተዳደሩ መቀመጫ ሮክቪል ነው።

ኢትዮጵያውያን በብዛት የሚኖሩበትና የሚነግዱበት ሲልቨር ስፕሪንግ ለዓይን ከተማ ቢመስልም በሕግ ከተማ አይደለም። ከንቲባም ሆነ የራሱ የከተማ ምክር ቤት የለውም። ዊተን፣ ቤተስዳና ጀርመንታውንም እንዲሁ ናቸው። ሮክቪል፣ ጌዘርስበርግና ታኮማ ፓርክ ግን የየራሳቸው ከንቲባና ምክር ቤት አላቸው። ስለዚህ የሲልቨር ስፕሪንግ ነዋሪ በጎዳናው ላይ በረዶ እንዲጠረግ፣ ፖሊስ እንዲደርስ፣ ሬስቶራንቱ እንዲፈተሽና ፈቃድ እንዲያገኝ የሚያየው ወደ ካውንቲው ነው። ለእሱ የካውንቲ ምርጫ ማለት የከንቲባና የምክር ቤት ምርጫ በአንድ ላይ ማለት ነው፤ ሆኖም ከፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ያነሰ ሰው የሚወጣበት ምርጫ ነው።

አመጣጡ

ካውንቲው በ1776 ከፍሬደሪክ ካውንቲ ተከፍሎ ተመሠረተ፤ ስሙንም ያገኘው በኩቤክ ጦርነት ከወደቀው ከጄኔራል ሪቻርድ ሞንትጎመሪ ነው። በ1948 ነዋሪዎቹ ራሳቸውን የሚያስተዳድሩበትን ቻርተር በድምፃቸው አጸደቁ፤ በሜሪላንድ ይህን ያደረገ የመጀመሪያው ካውንቲ ሞንትጎመሪ ነበር። ቻርተሩ በ1968 ተሻሽሎ ከ1970 ጀምሮ ሕግ አውጪው ካውንስልና ሥራ አስፈጻሚው ኤግዚኪዩቲቭ ተለያዩ። የመጀመሪያው ኤግዚኪዩቲቭ ጄምስ ግሊሰን ነበሩ። ከእሳቸው በኋላ ቻርልስ ጊልክሪስት፣ ሲድኒ ክሬመር፣ ኒል ፖተርና ደግላስ ደንከን ተከታትለው አስተዳድረዋል። ዛሬ የምናውቀው የመሀል ሲልቨር ስፕሪንግ መልክ በአብዛኛው የተሠራው በደንከን ዘመን (1994–2006) ነው።

በ2006 የተመረጡት አይዛያ ለገት የካውንቲው የመጀመሪያ ጥቁር አሜሪካዊ ኤግዚኪዩቲቭ ናቸው፤ ቀደም ሲል በ1986 ወደ ካውንስሉ የገቡ የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊም እሳቸው ነበሩ። ካውንቲው ከጎንደር ጋር እህትማማች የሆነው በእሳቸው ዘመን፣ በ2012 ነው። ከ2018 ወዲህ ወንበሩን የያዙት ማርክ ኤልሪች ናቸው።

የማን ሥልጣን ነው?

በየምርጫ ዘመቻው ቃል ከሚገባባቸው ነገሮች ብዙዎቹ ከካውንቲው ሥልጣን ውጭ ናቸው፤ ዕጩን ለመመዘን መጀመሪያ ይህን መለየት ያስፈልጋል።

ካውንስሉ ከ2022 ምርጫ ጀምሮ 11 አባላት አሉት፦ 7ቱ እያንዳንዳቸው ከአንድ ዲስትሪክት፣ 4ቱ ከመላው ካውንቲ ይመረጣሉ። ቀደም ሲል 9 ነበሩ፤ ጭማሪውን ያጸደቀው ሕዝብ በ2020 ነው። ስለዚህ አንድ መራጭ አምስት የካውንስል አባላትን ይመርጣል፤ አንድ የዲስትሪክቱን፣ አራት የጋራዎቹን። ከአራት በታች መምረጥ ይቻላል። በአራቱ ቦታ አምስት ሰው የቀባ ግን በዚያ መደብ የሰጠው ድምፅ በሙሉ ይሰረዛል።

ካውንስሉ የካውንቲውን ሕግ ያወጣል፣ በጀት ያጸድቃል፣ የንብረት ግብር ምጣኔ ይወስናል፣ የመሬት አጠቃቀምን ይደነግጋል። ኤግዚኪዩቲቩ በጀት ያቀርባል፣ መሥሪያ ቤቶችን ይመራል፣ የፖሊስ አዛዡንና የመምሪያ ኃላፊዎችን በካውንስሉ ፈቃድ ይሾማል፣ ሕግንም ውድቅ ማድረግ ይችላል። በዞኒንግ (በየቦታው ምን ዓይነት ሕንጻ እንደሚሠራ በሚወስነው ደንብ) ላይ ግን የኤግዚኪዩቲቩ እጅ አጭር ነው። የፕላኒንግ ቦርዱን አምስት አባላት የሚሾመው ካውንስሉ ነው፤ የዞን ለውጥ የሚያጸድቀውም ካውንስሉ ነው። ለኤግዚኪዩቲቭ እየተወዳደረ «ሰፈራችሁ ላይ ፎቅ አላስገነባም» የሚል ሰው በሌሎች ሥልጣን ላይ ቃል እየገባ ነው።

ትምህርት ቤቶችን የሚመራው ለብቻው የሚመረጥ የትምህርት ቦርድ ነው። ካውንስሉ ገንዘቡን የሚያጸድቀው በሰፋፊ መደቦች ነው፤ ለአስተማሪ ደመወዝ፣ ለልዩ ፍላጎት ትምህርት፣ ለትራንስፖርት እያለ። አንድን ፕሮግራም በስሙ ጠርቶ ማዘዝ ወይም ሱፐርኢንቴንደንቱን (የትምህርት ቤቶቹን ዋና ኃላፊ) መሾም አይችልም። በስቴቱ ሕግ መሠረት ለአንድ ተማሪ የሚመደበውን ገንዘብ ካለፈው ዓመት በታች ማውረድም በቀላሉ አይፈቀድለትም። ዐቃቤ ሕጉና ሸሪፉም በየራሳቸው ድምፅ የሚመረጡ ናቸው።

መንገድም ሌላው ምሳሌ ነው። ጆርጂያ አቬኑና ኮልስቪል ሮድ የስቴቱ ናቸው፤ የመብራቱም የፍጥነት ገደቡም ውሳኔ ከስቴቱ የመንገድ አስተዳደር ይመጣል። ከቤተስዳ በሲልቨር ስፕሪንግ በኩል እስከ ኒው ካሮልተን የሚዘረጋው ፐርፕል ላይን የተባለ የቀላል ባቡር መስመር (16 ማይል፣ 21 ጣቢያ) የስቴቱ ፕሮጀክት ነው። ሥራው በ2017 ተጀምሮ በ2022 ያልቃል ተብሎ ነበር፤ በ2020 ተቋራጩ ጥሎ ስለወጣ ቀኑ ወደ 2027 መጨረሻ ተገፍቷል። የካውንቲ ዕጩ በዚህ ላይ ቃል ሊገባ የሚችለው በቁፋሮው ገበያ ላጡ ሱቆች ድጎማ ለመመደብና የእግረኛ መንገዱን ለማስተካከል ነው። በአንጻሩ ራይድ ኦን አውቶቡስ ሙሉ በሙሉ የካውንቲው ነው፤ ከሰኔ 2025 መጨረሻ ጀምሮ ያለ ክፍያ ያሳፍራል። ሜትሮባስ የሌላ መሥሪያ ቤት ስለሆነ ያስከፍላል።

ለሬስቶራንት ባለቤቶች ደግሞ የአልኮል ጉዳይ አለ። ከ1933 ጀምሮ በሞንትጎመሪ የአልኮል ጅምላ ሻጩ ካውንቲው ራሱ ነው። ሬስቶራንቶች ቢራም ወይንም የሚገዙት በካውንቲው መሥሪያ ቤት በኩል ነው፤ ውስኪና ቮድካ በጠርሙስ በችርቻሮ የሚሸጡትም የካውንቲው ሱቆች ናቸው። ሥርዓቱን መለወጥ የሚቻለው በስቴቱ ዋና ከተማ አናፖሊስ በሚወጣ ሕግ ስለሆነ ይህን ጥያቄ ለስቴት ዕጩዎችም ማንሳት ይገባል።

በጀቱ

የካውንቲው ዓመታዊ በጀት ከ7 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው፤ ወደ ግማሽ የሚጠጋው ለሕዝብ ትምህርት ቤቶች ይሄዳል። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። ኤግዚኪዩቲቩ የሥራ ማስኬጃ በጀቱን እስከ መጋቢት 15 ያቀርባል፣ በሚያዝያ ነዋሪዎች ሐሳብ የሚሰጡበት ስብሰባ ይደረጋል፣ የካውንስሉ ኮሚቴዎች መስመር በመስመር ይመረምሩታል፣ እስከ ሰኔ 1 ይጸድቃል (ወሮቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ለትምህርት ቤት ሕንጻና ለመንገድ የሚወጣው የስድስት ዓመት የግንባታ ዕቅድ ደግሞ በተጋማሽ ቁጥር ዓመታት በጥር ይቀርባል። የማኅበረሰብ ማዕከል እንዲሠራ የሚፈልግ ወገን ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ጥያቄውን ይዞ የሚመጣው በግንቦት፣ ገንዘቡ ተደልድሎ ካለቀ በኋላ ነው።

ገቢው በዋናነት ከንብረት ግብርና ከገቢ ግብር ይሰበሰባል። የካውንቲው የገቢ ግብር በ2025 3.2 በመቶ ነበር፤ ስቴቱ በ2025 ጣሪያውን ወደ 3.3 ቢያነሳም ካውንስሉ በዚያ ዓመት አልጨመረም። የንብረት ግብር ምጣኔን ከፍ ለማድረግ በ2020 በተሻሻለው ቻርተር መሠረት የካውንስሉ አባላት በሙሉ መስማማት አለባቸው። በ2023 ግን ምጣኔው ከፍ ብሏል። የተሄደበት መንገድ ለትምህርት የሚውል ግብር ከቻርተሩ ገደብ በላይ እንዲጣል የሚፈቅደው የስቴት ሕግ ነበር። ኤልሪች በ100 ዶላር የንብረት ግምት 10 ሳንቲም ጠይቀው ካውንስሉ 4.7 ሳንቲም ፈቀደ። ይህ የሕዝብን ድምፅ መዞር ነው የሚሉ አሉ፤ ልጆቻቸውን እዚህ የሚያስተምሩ ብዙዎች ደግሞ ገንዘቡ ካስፈለገበት ቦታ መድረሱን ያነሳሉ። ያም ሆነ ይህ «ግብር አልጨምርም» የሚል ዕጩ ይህን የትምህርት መንገድም ይዘጋ እንደሆነ ሊጠየቅ ይገባል።

መኖሪያ ቤት

ካለፉት ምርጫዎች ወዲህ ከሁሉ በላይ የሚነሳው የቤት ዋጋ ነው። ካውንቲው በዚህ ረገድ ሊኮራበት የሚገባ ታሪክ አለው። በ1974 የወጣው ሕግ ብዙ ቤቶች ያሉት አዲስ ግንባታ የሚያካሂድ የተወሰነውን ድርሻ መካከለኛ ገቢ ላላቸው እንዲተው አስገደደ፤ በአገሪቱ ፈር ቀዳጅ ከሆኑት አንዱ ነው። ዛሬ 20 እና ከዚያ በላይ ቤት የሚሠራ ሰው ቢያንስ 12.5 በመቶውን ለዚህ ይመድባል። በ1980 ደግሞ ከካውንቲው መሬት አንድ ሦስተኛ የሚሆነው፣ 93,000 ኤከር ገደማ፣ ለእርሻ ተከልሏል። ይህ ሰሜኑን አረንጓዴ አድርጎ ሲያቆይ ግንባታው በተቀረው መሬት ላይ እንዲጠብ አድርጓል። የዞኒንግ ክርክሩ ሁሉ ከዚህ ይነሳል።

በሐምሌ 2023 የጸደቀው የኪራይ ገደብ ሕግ እንዲህ ይሠራል፦ ዓመታዊ ጭማሪ ከዋጋ ንረት ላይ 3 በመቶ ታክሎበት ከሚገኘው ወይም ከ6 በመቶ፣ ከሁለቱ ካነሰው መብለጥ የለበትም። ከሐምሌ 2025 ጀምሮ ላለው ዓመት ጣሪያው 5.7 በመቶ ሆኗል። ጭማሪ በ12 ወር አንድ ጊዜ ብቻ፣ የ90 ቀን የጽሑፍ ማስታወቂያ ተሰጥቶ ነው። ከተሠሩ 23 ዓመት ያልሞላቸው ሕንጻዎች ገደቡ አይመለከታቸውም፤ በካውንቲው ውስጥ ከሁለት ያልበለጠ ቤት የሚያከራይ ግለሰብም ነጻ ነው። ታውንሃውስ ገዝተው የሚያከራዩ ወገኖቻችን የሚስቱት ግለሰብ የሚለውን ነው፤ ቤቱ በድርጅት ስም ከተያዘ ነጻነቱ ይቀራል። ከገደቡ በላይ የተጠየቀ ተከራይ 311 ደውሎ ለአከራይና ተከራይ ጉዳዮች ቢሮ ማመልከት ይችላል። ሕጉ አዲስ ግንባታ አቀዝቅዟል የሚሉት አልሚዎች ናቸው፤ ደጋፊዎቹ የወለድ ምጣኔን ይጠቅሳሉ። ለዕጩዎች የሚቀርበው ጠቃሚ ጥያቄ የ23 ዓመቱ ነጻነት ይርዘም ወይስ ይጠር የሚለው ነው፤ ይህ በካውንስሉ ድምፅ ብቻ የሚወሰን ነውና።

ደመወዝ

ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያም የካውንስሉ ሥልጣን ነው፤ በየሐምሌ 1 ይከለሳል። በሐምሌ 2025 ክለሳ 51 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ቀጣሪ 17.65 ዶላር፣ ከ11 እስከ 50 ያለው 16.00፣ ከዚያ በታች ያለው 15.50 እንዲከፍል ተወሰነ። ቲፕ ለሚቀበል አስተናጋጅ መነሻው 4 ዶላር ነው፤ ከቲፑ ጋር ተደምሮ ዝቅተኛውን ካልሞላ ልዩነቱን ባለቤቱ ይሸፍናል። በእኛ ማኅበረሰብ ውስጥ ሁለቱም ወገን፣ አስተናጋጁም ባለሬስቶራንቱም፣ ስላሉ ዕጩዎች በዚህ ላይ የሚሰጡትን መልስ ሁለቱም ሊሰሙት ይገባል።

የምርጫው አካሄድ

የካውንቲ ምርጫ ከገዥው ምርጫ ጋር በየአራት ዓመቱ ይካሄዳል (2018፣ 2022፣ 2026)። ከ2006 ወዲህ ለካውንስል የተመረጡት በሙሉ ዴሞክራቶች ስለሆኑ ውጤቱ የሚለየው በፓርቲው የማጣሪያ ምርጫ ነው። የሜሪላንድ ማጣሪያ ዝግ ነው፤ በፓርቲ ያልተመዘገበ መራጭ የሚደርሰው የትምህርት ቦርዱ ወረቀት ብቻ ነው። ዜግነት ሲወስዱ ከጥንቃቄ «ያለ ፓርቲ» ብለው የተመዘገቡ ኢትዮጵያውያን ጥቂት አይደሉም። ለማስተካከል ከማጣሪያው ቢያንስ 21 ቀን በፊት ፓርቲ መለወጥ ያስፈልጋል፤ በምርጫው ቀን በዚያው መመዝገብ ቢቻልም ፓርቲ መለወጥ ግን አይቻልም።

ጥቂት ድምፅ ምን ያህል እንደሚመዝን ሁለት ምርጫዎች አሳይተዋል። በ2018 ኤልሪች ዴቪድ ብሌርን ያሸነፉት በ77 ድምፅ፣ በ2022 ደግሞ በድጋሚ ቆጠራ በ32 ድምፅ ነው። በፖስታ የተላከ ድምፅ እስከ ምርጫው ቀን ማኅተም ካልተመታበት ወይም በፖስታው ላይ ያለው መሐላ ካልተፈረመ ዋጋ ያጣል። ፊርማ የረሱ ከምርጫ ቦርዱ ጥሪ ይደርሳቸዋል፤ ስልክና ኢሜይል በትክክል መሙላት የሚጠቅመው ለዚህ ነው። የድምፅ ወረቀቱ በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ ብቻ ስለሚታተም ማንበብ የሚቸግራቸው አባቶችና እናቶች የሚያምኑትን ሰው ይዘው የመግባት የፌዴራል መብት አላቸው፤ ቀጣሪና የሠራተኛ ማኅበር ተወካይ ብቻ አይፈቀዱም። ግሪን ካርድ የያዙ በካውንቲው ምርጫ መሳተፍ አይችሉም። የታኮማ ፓርክ ነዋሪ ከሆኑ ግን ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በከተማው ምርጫ ድምፅ ይሰጣሉ።

በ2014 የወጣው ለምርጫ ዘመቻ የሚሰጥ የሕዝብ ገንዘብ ድጋፍ ሕግ፣ እሱም በሜሪላንድ የመጀመሪያው፣ ለትናንሽ ለጋሾች ጉልበት ሰጥቷል። በዚህ የሚወዳደር ዕጩ ከድርጅት ገንዘብ አይቀበልም። በመነሻው ሕግ ለኤግዚኪዩቲቭ ዕጩ የተሰጠ የመጀመሪያ 50 ዶላር ላይ ካውንቲው ስድስት እጥፍ ይጨምር ነበር፣ ለካውንስል ዕጩ አራት እጥፍ። ማለትም 50 ዶላር ለኤግዚኪዩቲቭ ዕጩ 350፣ ለካውንስል ዕጩ 250 ይሆን ነበር። ለመብቃት የኤግዚኪዩቲቭ ዕጩ ከ500 ነዋሪዎች 40,000 ዶላር፣ የጋራ ካውንስል ዕጩ ከ250 ነዋሪዎች 20,000፣ የዲስትሪክት ዕጩ ከ125 ነዋሪዎች 10,000 መሰብሰብ ነበረበት። በሬስቶራንት በሚደረግ የገንዘብ ማሰባሰቢያ ላይ ተደጋግሞ የሚታየው ጥፋት ሁለት ነው፦ የዲሲና የቨርጂኒያ ነዋሪዎች ስጦታ እጥፍ እንደሚያስገኝ መቁጠር፣ እና ለጋሹ ስሙንና የመኖሪያ አድራሻውን የያዘውን ደረሰኝ ሳይፈርም መሄዱ። ሁለቱም እጥፉን ያስቀራሉ።

ይህ ሕግ ሥራ ላይ በዋለበት በ2018፣ በ2016 የጸደቀው የሦስት ተከታታይ ዘመን ገደብ ወንበሮችን ባስለቀቀበት ወቅት፣ ለአራቱ የጋራ ወንበሮች 33 ዴሞክራቶች ተወዳድረዋል። በ2024 ደግሞ ሕዝቡ የኤግዚኪዩቲቩን ገደብ ወደ ሁለት ዘመን ዝቅ ስላደረገ ኤልሪች በ2026 ለዚህ ቦታ መወዳደር አይችሉም፤ አንድሩ ፍሪድሰን፣ ኢቫን ግላስና ዊል ጃዋንዶ፣ ሦስቱም የካውንስል አባላት፣ ለወንበሩ እንደሚወዳደሩ አስታውቀዋል። የካውንስል አባላት እንደመሆናቸው በኪራይ ገደቡ፣ በ2023ቱ ግብርና በዞኒንግ ለውጦች ላይ የሰጡት ድምፅ በካውንስሉ መዝገብ ላይ ይገኛል።