የሰው አካል ሥነ ሕይወት ለፋርማሲ ተማሪዎች በሐረር

የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የጤናና ሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ የሚገኘው ሐረር ከተማ ውስጥ ነው። የፋርማሲ ተማሪዎች ስለ መድኃኒቶች በዝርዝር ከመማራቸው በፊት ስለ ሴል፣ ስለ ደም ዝውውር፣ ስለ ጉበትና ስለ ኩላሊት ያጠናሉ። ሸምድዶ ማለፍ ይቻላል፤ ነገር ግን ነገ መድኃኒት ቤት ቆመው ለሚጠየቁት ብዙ ጥያቄ መልሱ ያለው እዚህ ነው።

መነሻው የሴል ሽፋን ነው። ሽፋኑ ድርብ የስብ ንጣፍ በመሆኑ ጨውና ስኳር እንዲሁ አያልፉትም፤ የሚያስገባቸው ፕሮቲን ያሻቸዋል። በትንሹ አንጀት ግድግዳ ላይ ያለው ፕሮቲን ግሉኮስን የሚያስገባው ከሶዲየም ጋር አጣምሮ ሲሆን፣ ውኃም ይከተላቸዋል። ተቅማጥ ለያዘው ሰው በውኃ ተበጥብጦ የሚሰጠው ኦአርኤስ ጨውም ስኳርም የያዘው ለዚህ ነው። በድሬዳዋ ሙቀት ተቅማጥ የያዘው ሕፃን ቶሎ ይደርቃል። እናቲቱ ለ1 ሊትር ውኃ የተዘጋጀውን የኦአርኤስ ከረጢት በአንድ ብርጭቆ ውኃ ብትበጠብጠው ውሕዱ እጅግ ስለሚወፍር ውኃን ከሰውነት ወደ አንጀት ይስባል፤ ሕፃኑ ይባስ ይጎዳል።

ከአንጀት የተመጠጠ መድኃኒት በአብዛኛው መጀመሪያ የሚደርሰው ጉበት ዘንድ ነው። የጉበት ኢንዛይሞች በሁሉም ሰው እኩል አይሠሩም። በ1996 እ.ኤ.አ. የታተመው የእነ እሌኒ አክሊሉ ጥናት፣ ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው ሲዋይፒ2ዲ6 የተባለው ኢንዛይም ዘረመል ተደጋግሞ እንዳላቸው አሳይቷል። እንዲህ ያለ ሰው ኮዴይን የተባለውን የሕመም ማስታገሻ ወደ ሞርፊን የሚለውጠው ከሌላው ፈጥኖ ነው፤ የተለመደው መጠን ሊበዛበት ይችላል።

ሐረር ላይ ጫትን ሳያነሱ ይህን ትምህርት መጨረስ አይገባም። ትኩስ ቅጠል ውስጥ ያለው ካቲኖን ከነርቭ ጫፎች ዶፓሚንና ኖርአድሬናሊን የተባሉ መልእክት አስተላላፊ ኬሚካሎች እንዲለቀቁ ያደርጋል፤ ምርቃናው፣ የልብ ምት መፍጠኑና የደም ግፊት መጨመሩ ከዚህ ይመጣሉ። ቅጠሉ ሲደርቅ ካቲኖኑ ወደ ደካማው ካቲን ይለወጣል፤ የአወዳይ የጫት ገበያ ጥድፊያም ከዚህ የተነሣ ነው። በርጫ ላይ የተዋጠ አምፒሲሊን የተባለ አንቲባዮቲክ ደግሞ በሚገባ አይመጠጥም፤ ከቃሙ ከ2 ሰዓት በኋላ መውሰድ ይሻላል። ስለዚህ ባለሙያው ሳይኮንን «ጫት ይቅማሉ?» ብሎ መጠየቅ አለበት።

ኩላሊት በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ከደም አጣርቶ ከ1 እስከ 2 ሊትሩን ብቻ በሽንት ያስወጣል፤ አቅሙ ሲቀንስ የብዙ መድኃኒቶች መጠን አብሮ ይቀነሳል።

ወባም አለ። በ2022 እ.ኤ.አ. ድሬዳዋ ላይ በደረቅ ወቅት የተነሣው ወረርሽኝ ከከተማ ወዳዷ አኖፊለስ ስቴፈንሳይ ትንኝ ጋር የተያያዘ ነበር። ጉበት ውስጥ የሚደበቀውን ቫይቫክስ የተባለ የወባ ጥገኛ ተውሳክ ለማጥፋት ፕሪማኩዊን ይሰጣል። ቀይ የደም ሴል በተለምዶ 120 ቀን ገደማ ይኖራል፤ ቀይ የደም ሴልን ከጉዳት የሚጠብቀው ጂ6ፒዲ ኢንዛይም በሚያንሰው ሰው ግን መድኃኒቱ ሴሎቹን ያለ ጊዜያቸው ሊያፈርሳቸው ይችላል። የሽንት መጥቆር የሴሎቹ መፍረስ ምልክት ሊሆን ስለሚችል፣ ፕሪማኩዊን ሲሰጥ ታካሚውን «ሽንትዎ ከጠቆረ መድኃኒቱን አቁመው ቶሎ ይመለሱ» ማለት ግድ ነው።