የኪራይ ውልን ቀድሞ ማቋረጥና የማስያዣ ገንዘብ፦ በድሬዳዋ የሚሰሙ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

በድሬዳዋ ቤት የሚከራይ ሰው ዕቃውን በባጃጅ ጭኖ ከመግባቱ በፊት ሦስት ዓይነት ገንዘብ ከኪሱ ሊያወጣ ይችላል። ቤቱ ለሌላ እንዳይሰጥበት የሚሰጠው ቀብድ አለ፤ የሚኖርባቸውን ወራት ኪራይ አስቀድሞ የሚከፍልበት ቅድሚያ ክፍያ አለ፤ አንዳንዱ አከራይ ደግሞ ለሚሰበር ዕቃና ሳይከፈል ለሚቀር የውሃና የመብራት ሒሳብ መያዣ እንዲሆነው የሚቀበለው ማስያዣ፣ በተለምዶ «ዲፖዚት» የሚባለው፣ አለ። ሦስቱም ለአንድ ሰው፣ ብዙ ጊዜም በአንድ ቀን ስለሚሰጡ በአፍ ይደባለቃሉ፤ ተከራዩ የውሉ ጊዜ ሳያልቅ ለመውጣት ሲነሳ ግን የየራሳቸው ደንብ አላቸው። ከከዚራ እስከ ሳቢያን በየግቢው የሚሰሙት ስሕተቶች አብዛኞቹ የሚመነጩት ከዚሁ መደባለቅ ነው።

«ቀብድ አንዴ ከተሰጠ አይመለስም።»

ግማሹ እውነት ስለሆነ ይህን አባባል ለማረም ያስቸግራል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ቀብድ በአንቀጽ 1883 ጀምሮ ይደነግጋል፤ ቀብድ መስጠት ውል ለመደረጉ ማስረጃ ነው፤ ውሉ ሲፈጸም ደግሞ፣ ተዋዋዮቹ ሌላ ካልተስማሙ በቀር፣ ቀብዱ ለሰጪው ይመለሳል ወይም ከሚከፍለው ገንዘብ ላይ ይታሰባል። ሰጪው ቀብዱን የሚያጣው ውሉን ራሱ ሲያፈርስ ነው። በዚያው አንጻር ቀብዱን የተቀበለው ወገን ውሉን ካፈረሰ የተቀበለውን እጥፍ አድርጎ መመለስ አለበት፤ ይህን ሁለተኛውን ግማሽ ግን ሲጠቅስ የሰማሁት አከራይም ደላላም የለም። ሰኞ ከአንድ ሰው 3,000 ብር ቀብድ ተቀብሎ ረቡዕ ኪራዩን ከፍ አድርጎ ለመጣ ሌላ ሰው ቁልፉን የሚሰጥ አከራይ፣ ለመጀመሪያው ሰው 6,000 ብር እንደሚመልስ ቢያውቅ ኖሮ ቆም ብሎ ያስብ ነበር።

እኔም ይህን የተማርኩት ገንዘቤን ካጣሁ በኋላ ነው። ከዓመታት በፊት ከዚራ ውስጥ አንዲት ክፍል ለመከራየት 3,000 ብር ስሰጥ፣ ደላላው ከደብተር በቀደደው ወረቀት ላይ «ቀብድ ተቀብያለሁ» የምትል አንዲት መስመር ጽፎ አከራዩን አስፈረመልኝ። ስገባ የመጀመሪያውን ወር ኪራይ ሙሉውን ከፈልኩ፤ ያ 3,000 ብር ከምን ላይ እንደሚታሰብ አልጠየቅሁም። ከዘጠኝ ወር በኋላ ሥራ ቀይሬ ስወጣ ገንዘቡን ብጠይቅ «ቀብድ እኮ ነው፤ ቀብድ ደግሞ ይመለሳል እንዴ?» ተባልኩ፤ አፍሬ ወጣሁ። ውሉ ግን ዘጠኝ ወር ሙሉ ሲፈጸም የቆየ ነበር፤ ቀብዱም ገና ከመጀመሪያው ወር ኪራይ ላይ ሊታሰብልኝ ይገባ ነበር። ገንዘቡ ማስያዣ ከሆነ ወረቀቱ ላይ «ማስያዣ» ተብሎ፣ የሚመለስበት ሁኔታም አብሮ ሊጻፍ ይገባል።

«ውሉ የሁለት ዓመት ነው፤ ቀድሞ የወጣ የከፈለውን ሁሉ ያጣል።»

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት መጋቢት 24 ቀን 2016 ዓ.ም. ያጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 በድሬዳዋም ተፈጻሚ ነው። አዋጁ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ በጽሑፍ እንዲደረግ፣ በ30 ቀናት ውስጥ እንዲመዘገብ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ከእነዚህ ውስጥ «ሁለት ዓመት» የሚለው ብቻ ተነጥሎ በየመንደሩ ሲወራ፣ ተከራዩን ከግድግዳው ጋር ያሰረ ሰንሰለት መስሎ ተሰማ። የጊዜው ወለል በዋነኛነት የተቀመጠው አከራዩ በየስድስት ወሩ «ልጄ ከውጭ ሊመጣ ነው» እያለ ተከራይ እንዳያስወጣና በአዲስ ዋጋ እንዳያከራይ ነው፤ ተከራዩ በጽሑፍ አስጠንቅቆ ቢወጣ፣ ላልኖረበት ጊዜ የከፈለውን ገንዘብ አከራዩ ጠቅልሎ እንዲወስድ የሚፈቅድ ነገር የለበትም።

ይህ ማለት ግን ቀድሞ መውጣት ወጪ የለውም ማለት አይደለም። ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ ነውና የማስጠንቀቂያውን ጊዜ ያላከበረ ተከራይ የዚያን ጊዜ ኪራይ ሊጠየቅ ይችላል፤ በውሉ ላይ ቀድሞ ለሚወጣ ወገን የተወሰነ የገንዘብ ገደብ (መቀጫ) ተጽፎ እንደሆነም ፈርሞበታልና መጀመሪያ የሚታየው እርሱ ነው። በሌላ በኩል ተጎዳሁ የሚለው አከራይ ጉዳቱን ለመቀነስ የሚችለውን ማድረግ ስላለበት፣ ቤቱን ባዶ ቆልፎ ለቀሩት አሥራ አራት ወራት ኪራይ ልጠይቅ ቢል የሚያዋጣው አይሆንም። ቤቱን ወዲያው ለሌላ ሰው አከራይቶ ከቀድሞው ተከራይ የያዘውን ቅድሚያ ክፍያም ካስቀረ፣ ለአንድ ወር ሁለት ኪራይ ተቀበለ ማለት ነው፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2162 መሠረት ያለ በቂ ምክንያት በሌላው ሰው ሀብት የበለጸገ ሰው መካስ ይኖርበታል።

በቁጥር እናስቀምጠው። የወር ኪራዩ 8,000 ብር ነው፤ ተከራዩ የሚያዝያንና የግንቦትን 16,000 ብር አስቀድሞ ከፍሏል፤ በአከራዩም እጅ 5,000 ብር ማስያዣ አለ። ውሉ የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ የሚጠይቅ ሆኖ ተከራዩ የካቲት 30 ቀን በጽሑፍ ቢያስታውቅና ሚያዝያ 30 ቀን ቁልፉን ቢያስረክብ፣ የግንቦት 8,000 ብር ተመላሽ ነው። ከማስያዣው ላይ 640 ብር የውሃና የመብራት ቀሪ ሒሳብ ቢቀነስ 4,360 ብር ይተርፋል፤ በድምሩ 12,360 ብር ይመለስለታል ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ሒሳብ በወረቀት ጽፎ ይዞ መቅረብ፣ «የሚመለስልኝን መልሱልኝ» ብሎ ከመለማመጥ የተሻለ ውጤት እንዳለው ደጋግሜ አይቻለሁ፤ አከራዮችም ቢሆኑ አብዛኞቹ የሚከራከሩት የጠራ ቁጥር ሳይቀርብላቸው ሲቀር ነው።

«ማስያዣ ስላለኝ የመጨረሻውን ወር አልከፍልም።»

ይህኛው የተከራዮች ስሕተት ነው። ማስያዣ ለጉዳትና ለቀሪ ሒሳብ የተቀመጠ እንጂ የኪራይ ምትክ አይደለም፤ አከራዩ ካልተስማማ በቀር ተከራዩ በራሱ ውሳኔ አቻችሎ ቢቀመጥ ኪራይ ያልከፈለ ተከራይ ይሆናል፤ በዚህም ገንዘቡን ለመጠየቅ የነበረውን መልካም አቋም በገዛ እጁ ያበላሻል። ማቻቻል ከፈለገ አስቀድሞ ይጠይቅ፤ ፈቃዱንም በጽሑፍ፣ ቢያንስ በስልክ መልእክት፣ ይቀበል።

«ስትገባ ደህና የነበረ፣ ስትወጣ የተበላሸ ነገር ሁሉ ካንተ ይቀነሳል።»

የድሬዳዋን ውሃ የሚያውቅ ሰው በዚህ አባባል ይስቃል። የከተማዋ ውሃ ከከርሰ ምድር የሚወጣና ካልሲየም የበዛበት ስለሆነ፣ ማንቆርቆሪያውን በጥቂት ወራት ውስጥ ነጭ ቅርፊት ያለብሰዋል፤ የቧንቧውን አፍ ያጠባል፤ የሻወሩን ቀዳዳዎች አንድ በአንድ ይደፍናል። አንድ ወዳጄ ሳቢያን ከነበረበት ቤት ሲወጣ አከራይዋ የሻወሩን ራስ ነቅለው በመዳፋቸው ላይ አስቀመጡና «አዲስ ነበር እኮ፤ ይኸው ድንጋይ ሆነ» አሉት። እውነታቸውን ነው፤ ድንጋይ ሆኖ ነበር። ድንጋይ ያደረገው ግን እርሱ ሳይሆን የቧንቧው ውሃ ነው፤ በሌላ ተከራይ ጊዜም እንዲሁ ይሆን ነበር።

መለያው ይህ ነው። ዕቃ በተገቢው አገልግሎት እያረጀ ሲሄድ፣ ወይም ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት ሲበላሽ፣ ኪሳራው በአከራዩ ላይ ያርፋል፤ ተከራዩ የሚጠየቀው እርሱ ወይም ቤተሰቡ በቸልተኝነት ለሰበሩት ነው። በፀሐይ የደበዘዘ የመስኮት ቀለም፣ ሌት ተቀን ሲሽከረከር ኖሮ የሚንጫጫ የጣሪያ ማራገቢያ፣ ቅርፊት ያጠበበው ቧንቧ የእርጅና ውጤቶች ናቸው። የተሰነጠቀ መስታወት፣ በሚስማር የተበሳሳ ግድግዳ፣ የጠፋ ቁልፍ ግን የተከራዩ ዕዳ ናቸው። በደቻቱ ወንዝ ዳርቻ ባለ ቤት ውስጥ ጎርፍ ገብቶ ግድግዳውን ቢያርሰው ተከራዩን መጠየቅ አይገባም፤ ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ከተማዋን የመታውን ጎርፍ ያየ የድሬ ሰው ጎርፍ በማን አቅም እንደሚመለስ አይጠየቅም።

ክርክሩ ግን የሚሸነፈው ወይም የሚረታው በመግቢያው ቀን ነው። የቤቱ ሁኔታ በጽሑፍ ካልተያዘ ተከራዩ ቤቱን በደህና ሁኔታ እንደተረከበ ሊገመት ይችላል፤ ያን ጊዜ ስንጥቁ ቀድሞም እንደነበረ የማስረዳቱ ሸክም በእርሱ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ዕቃ ከመግባቱ በፊት እያንዳንዱን ክፍል፣ የቧንቧ አፎችን፣ የበር መዝጊያዎችንና የሮቶውን ክዳን በስልክ ፎቶ ማንሳት፣ ፎቶዎቹንም በዚያው ቀን ለአከራዩ መላክ ያስፈልጋል። የተላከበት ቀን በራሱ ማስረጃ ይሆናል።

«በቃል ነግሬያቸዋለሁ፤ ይበቃል።»

አይበቃም። ቡና እየተጠጣ «እማማ፣ ከፋሲካ በኋላ ሳልወጣ አልቀርም» ማለት ጨዋነት እንጂ ማስጠንቀቂያ አይደለም። የመውጫውን ቀን፣ የውሉን ቀንና የሚመለሰውን ገንዘብ መጠን የያዘ አጭር ደብዳቤ በሁለት ቅጂ አዘጋጅቶ በአንዱ ላይ ማስፈረም ይሻላል፤ አልፈርምም ካሉ ግቢውን የሚያውቁ ሁለት ምስክሮች ባሉበት መስጠት ይቻላል። እናት የሆኑ አከራይ ደብዳቤ ሲሰጣቸው ሊቀየሙ እንደሚችሉ አውቃለሁ፤ ስለዚህ አስቀድሞ በአፍ ነግሮ ይቅርታ ጠይቆ ወረቀቱን ማስከተል የአገራችን ወግ ነው።

«ምትክ ተከራይ ካመጣሁ ነጻ ነኝ።»

ምትክ ማምጣት ጥሩ መንገድ ነው፤ አከራዩም ብዙ ጊዜ በደስታ ይቀበለዋል። ነገር ግን ቁልፉን ለወዳጅ አቀብሎ መሄድ ውሉን አያስተላልፍም። አከራዩ ካልፈቀደና ከአዲሱ ሰው ጋር አዲስ ውል ካልተፈራረመ፣ አዲሱ ሰው ኪራይ ሲያቋርጥ የሚጠራው ስም የቀድሞው ነው። የማስያዣው ጉዳይም እንዲሁ ነው፤ አዲሱ ተከራይ ለቀድሞው በእጁ ከፍሎ «ከአከራዩ ዘንድ ያለው ያንተ ነው» ከተባባሉ፣ አከራዩ ይህን አምኖ በጽሑፍ ካላረጋገጠ አዲሱ ሰው ገንዘቡን የሚጠይቅበት ወረቀት የለውም።

«ውላችን ስላልተመዘገበ መጠየቅ አልችልም።»

አለመመዝገብ ጥፋት ነው፤ ሲደረስበትም ያስጠይቃል። ይሁንና ገንዘብ የተቀበለ ሰው ውሉ ሳይመዘገብ ቀርቷል ብሎ የተቀበለውን የራሱ ማድረግ አይችልም። የባንክ ደረሰኝ ወይም የቴሌብር መልእክት፣ ምክንያቱ ላይ «የግንቦት ኪራይ» ወይም «ማስያዣ» ተብሎ ከተጻፈበት፣ ከብዙ ቃል ይበልጣል። ከሁለት ወር በላይ ቅድሚያ ክፍያ የተቀበሉ አከራዮች ውሉ እንዲመዘገብ የማይፈልጉት አንዱ ምክንያት ይኸው ትርፍ በወረቀት ላይ እንዳይታይ ነው፤ ተከራዩ ግን የከፈለበትን ማስረጃ እስከያዘ ድረስ ትርፉ ይታያል።

ባጭሩ ሊታለፉ የሚችሉም አሉ። አዋጁ የመኖሪያ ቤትን ብቻ ስለሚመለከት በድሬዳዋዎቹ የታይዋን ወይም የአሸዋ ገበያዎች ሱቅ የተከራየ ነጋዴ «ከሁለት ወር በላይ አልከፍልም» ብሎ ሊጠቅሰው አይችልም፤ የእርሱ ጉዳይ በውሉና በፍትሐ ብሔር ሕጉ ይታያል። ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ሐረርም በሐረሪ ክልል ሥር ስለሆነች ክልሉ የሚወስነውን አሠራር መጠየቅ ያስፈልጋል። ለደላላ የተከፈለው ሁለቱን ወገኖች ላገናኘበት ስለሆነ ተከራዩ ቀድሞ ወጣ ተብሎ አይመለስም። ከሜልቦርን የመጡ ዘመዶቻችን ደግሞ «ቦንዱ በመንግሥት እጅ አይደል? እዚያ ሄደህ ጠይቅ» ይላሉ፤ በቪክቶሪያ ግዛት በእርግጥም የተከራዮችን ማስያዣ የሚይዝ መሥሪያ ቤት አለ፤ በእኛ አገር ገንዘቡ ያለው በአከራዩ ኪስ ነው።

በመውጫው ቀን የሚያስፈልገው ቅደም ተከተል ቀላል ነው። የመብራትና የውሃ ቆጣሪዎቹ ንባብ ፎቶ ይነሣል፤ ግቢው በአንድ ቆጣሪ የሚጠቀም ከሆነ የተከራዩ ድርሻ እዚያው ይሰላል፤ ባዶው ቤት አከራዩ ባሉበት ይታያል፤ ከዚያ በኋላ ቁልፉ «ቤቱን በዛሬው ቀን ተረክቤያለሁ፤ የምመልሰው ገንዘብ ይህን ያህል ነው» ከሚል የተፈረመ ወረቀት ጋር ይለዋወጣል። አከራዩ ገንዘቡ ዛሬ የለኝም ካሉም የሚከፍሉበት ቀን በዚያው ወረቀት ላይ፣ ከፊርማው በላይ፣ ይጻፍ።