«ኤክሳይትድ» ማለት «ደስ ብሎኛል» ብቻ ነው?

ደሴ ውስጥ እንግሊዝኛ ሳስጠና እንደ «ኤክሳይትድ» ደጋግሜ ያረምኩት ቃል የለም። ሁሉም ተማሪ ያውቀዋል፤ ብዙው የሚያውቀው ግን አዛብቶ ነው። የምሰማቸውን ስህተቶች አንድ በአንድ ላንሳ።

«ትርጉሙ ደስተኛ ነው።» ደስታ አለበት፤ ዋናው ግን ጉጉቱ ነው። የአረፋን ዋዜማ አስቡት። ልጁ አዲሱን ልብስ ራስጌው አድርጎ ተኝቷል፤ እንቅልፍ ግን በዓይኑ አልዞረም። «እማ፣ አልነጋም?» እያለ እናቱን ሲቀሰቅስ ያድራል። ይህ ልጅ ኤክሳይትድ ነው። በማግስቱ ከሰላት መልስ በልቶ ጠግቦ ከዘመድ መሃል ሲቀመጥ «ሃፒ» ይባላል። ቃሉ የመጣው ከላቲኑ «ኤክሲታሬ» ነው፤ መቀስቀስ እንደማለት። ፊዚክስም ኃይል ተቀብሎ ኤሌክትሮኑ ወደ ከፍተኛ እርከን የወጣ አቶምን ኤክሳይትድ ይለዋል። አቶም ደስ አይለውም፤ ተቀስቅሷል እንጂ።

«ኤክሳይትድና ኤክሳይቲንግ ያው ናቸው።» ይሄኛው ነው ልጆቻችንን ፈተና ላይ የሚጥላቸው። አንዲት ተማሪዬ እህቷ ሐይቅ ከተማ ልትዳር ሦስት ቀን ሲቀራት ፊቷ በርቶ መጣችና «አይ አም ቬሪ ኤክሳይቲንግ!» አለችኝ። «እኔ በጣም አጓጊ ነኝ» ማለቷ ነበር። «አብሽሪ፣ መልሱ አማርኛሽ ውስጥ አለልሽ» አልኳት። ማን ጓጓ? እሷ። ምን አጓጓት? ሰርጉ። «ጓጓ» ላይ «አ» ስትጨመር ነገሩ ከተሰማው ሰው ወደ ቀሰቀሰው ነገር ይዞራል፤ እንግሊዝኛው ይህንኑ የሚሠራው በቃሉ መጨረሻ ነው። «ጓጉቻለሁ» ካልሽ ኤክሳይትድ፣ «ያጓጓል» ካልሽ ኤክሳይቲንግ። ደብተሯ ላይ ጎን ለጎን ጻፈቻቸው፤ ከዚያ ወዲህ አልተሳሳተችም። ሰውን ኤክሳይቲንግ ማለት ግን ጭራሽ አይቻልም ማለት አይደለም፤ ተመልካቹን ከመቀመጫው የሚያስነሳ ኳስ ተጫዋች ይባላል።

«ሁልጊዜ በጎ ስሜት ነው።» አይደለም። ለተቆጣ ሰው «ዶንት ጌት ኤክሳይትድ» ሲሉት «ኧረ ረጋ በል» ማለታቸው ነው።

«ለሰርጉ ጓጓሁ ስለምንል ‹ፎር› (for) ይከተለዋል።» በንግግር «ፎር»ም ይሰማል፤ በተለይ ለሌላ ሰው መልካም ነገር ስንጓጓለት ትክክለኛ ቦታው ነው። ፈተና ላይ ግን ስም ሲከተል «አባውት»፣ ግስ ሲከተል «ቱ» ብላችሁ ምረጡ፦ ኤክሳይትድ አባውት ዘ ዌዲንግ፣ ኤክሳይትድ ቱ ጎ።