ከበሽተኛ መዝገብ እስከ ሕክምና መመሪያ፦ የጤና ምርምርና ፖሊሲ በጎንደር

ጎንደር ሲባል ብዙ ሰው ፋሲል ግንብን ያስባል። የጤና ሰው ግን የጎንደርን የሕዝብ ጤና ኮሌጅም ያስባል። ይህ ዳሰሳ በከተማዋና በዙሪያዋ ባሉ ወረዳዎች የተሠሩ ጥናቶች የሀገሪቱን፣ አንዳንዴም የዓለምን የጤና መመሪያ እንዴት እንደነኩ ይተርካል። ጉዳዩን አንድ ላይ ሰብስቦ በአማርኛ ያስቀመጠ ጽሑፍ ፈልጌ ስላጣሁ እጄ ላይ ካለው አጠናቅሬዋለሁ። አንዱ ክፍል ረዝሞ ሌላው ያጠረውም ለዚህ ነው። “ዓ.ም.” ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የጥናት ማስረጃ ሲባል ሁልጊዜ ትልቅ ሙከራ ማለት አይደለም። የጤና ጣቢያ የላቦራቶሪ መዝገብ ማስረጃ ነው። የቤት ለቤት ቆጠራም፣ የመድኃኒት ሙከራም እንዲሁ። ዋናው ጥያቄ ያ ወረቀት እንዴት ተጉዞ ሐኪሙ የሚያዘውን መድኃኒት ይለውጣል የሚለው ነው።

ደንቢያና ኮሌጁ

ታሪኩ የሚጀምረው ከወባ ነው። ደንቢያ ከጣና ሐይቅ በስተሰሜን የተዘረጋ ለም ሜዳ ነው። ክረምቱ ሲወጣ ግን ያቆረው ውኃ ወባ ይዞ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ1953 እዚያ የተነሳው ወረርሽኝ ብዙ ሕዝብ ፈጀ። በተለምዶ የሚጠቀሰው የሟቾች ቁጥር 7,000 ገደማ ነው። በዓመቱ፣ በእኛ አቆጣጠር በ1947 ዓ.ም.፣ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ተከፈተ። የኢትዮጵያ መንግሥት፣ የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የአሜሪካ መንግሥት እርዳታ ተባብረውበታል። ኮሌጁ ጎንደር ላይ የተተከለው በዚያ ወረርሽኝ ምክንያት ነው ይባላል። ደንቢያን ለሚያውቅ ሰው ነገሩ የሚያስገርም አይደለም።

ኮሌጁ ሦስት ዓይነት ባለሙያ አሠለጠነ፤ ጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና ሳኒታሪያን። ሐሳቡ ቀላል ነበር። ሐኪም እስኪበዛ አይጠበቅም፤ ሦስቱ አብረው ገጠር ይወርዳሉ። መኮንኑ ያክማል፣ ጤና ጣቢያውንም ይመራል። ነርሷ እናትና ሕፃን ትከታተላለች። ሳኒታሪያኑ ምንጭ ያጎለብታል፣ መጸዳጃ ያስቆፍራል። ተማሪዎቹ ደንቢያ ውስጥ ባለው በቆላድባ ጤና ጣቢያ ይለማመዱ ነበር። ተመራቂዎችን ከየትምህርት ክፍሉ አውጣጥቶ በአንድ ጤና ጣቢያ ለሳምንታት አብሮ ማሰማራት የጎንደር መለያ ሆኖ ቀረ። ቡድኑ አካባቢውን ያጠናል፣ ችግሩን በቅደም ተከተል ያስቀምጣል፣ አቅሙ የፈቀደውን እዚያው ይሠራል። አጥኚውም አካሚውም አንድ ሰው ነው። ጎንደር በኋላ የሠራቸውን ነገሮች ከዚህ ልማድ ለይቼ ማየት ይከብደኛል።

ኮሌጁ “በሀገሪቱ የመጀመሪያው የጤና ማሠልጠኛ” ሲባል ይሰማል። አዲስ አበባ ላይ ነርሶች ቀደም ብለው ይሠለጥኑ ስለነበር አባባሉ ትንሽ ማስተካከያ ይፈልጋል። የጤና መኮንን ትምህርት ግን ከጎንደር መጀመሩ አያከራክርም።

ኮሌጁ ሥራ ከጀመረ ብዙም ሳይቆይ የ1958ቱ ታላቅ የወባ ወረርሽኝ መጣ። በሀገሪቱ 3 ሚሊዮን ሰው ታሞ 150,000 ሰው እንደሞተ ይገመታል። ቁጥሩ ግምት እንጂ ቆጠራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1961 የታተመ ጥናት እንዳሳየው በሽታው ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ድረስ ወጥቶ ነበር። ያልተለመደ ዝናብና ሙቀት ትንኟን ወደ ወይና ደጋው አወጣት። ሰው “ወባ የቆላ ነው” ብሎ ሲኖር ነው ድንገት የደረሰበት። በማግስቱ ዓመት፣ በ1959፣ የወባ ማጥፊያ ድርጅት ተቋቋመ። እንዲህ ያለ ጥፋት ባይደርስ ውሳኔው ያን ያህል ይፈጥን ነበር ወይ ብሎ መጠየቅ ይቻላል።

በደርግ ዘመን ተቋሙ ከምሥራቅ ጀርመኑ የላይፕዚግ ካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ ሐኪም ማሠልጠን ጀመረ፤ የጤና መኮንን ትምህርት ግን ተቋርጦ እስከ 1990ዎቹ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ2004 ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተባለ።

ክኒን የለወጡ ቁጥሮች

ማስረጃ ፖሊሲ ሲለውጥ በግልጽ የሚታየው በወባ መድኃኒት ነው። ክሎሮኪን ለብዙ ዘመን ፍቱን ነበር። በ1990ዎቹ መጨረሻ በሀገሪቱ የተደረገ ፍተሻ ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ዓይነት ከያዛቸው ታካሚዎች ከግማሽ በላይ የሆኑትን እንዳላዳነ አሳየ። ፋንሲዳር ተተካ። እሱም ጥቂት ዓመት ብቻ ቆይቶ ከሸፈ። እ.ኤ.አ. በ2004 ኮአርተም ገባ። ሦስት መድኃኒት በአሥር ዓመት ውስጥ መሆኑ ነው። ፍተሻው ባይደረግ ኖሮ የማይሠራውን ክኒን ስናድል እንከርም ነበር።

የቆላድባ ስም እዚህም ይመለሳል። የጎንደር ተመራማሪዎች የጤና ጣቢያውን ከ2002 እስከ 2011 የነበረ የላቦራቶሪ መዝገብ አገላብጠው ነበር። ለወባ የተመረመረው ደም 59,208 ሲሆን ወባ የተገኘበት 23,473፣ ማለትም 39.6 በመቶ ነው። በሽታው በየዓመቱ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ጨርሶ የጠፋበት ዓመት ግን የለም። ይህን ጥናት የምወደው ውድ መሣሪያ ስላልጠየቀ ነው። በማይክሮስኮፕ የሠራ ቴክኒሺያን በየቀኑ የሞላው መዝገብ ነው የተናገረው።

ካላዛር

ካላዛር በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፍ በሽታ ነው። ትኩሳቱ አይለቅም፣ ጣፊያ ያብጣል፣ ሰውነት ይከሳል። ካልታከመ ይገድላል። መተማና ሁመራ ቆላ ውስጥ ሰሊጥ ሊያርሙና ሊያጭዱ ከደጋ የሚወርዱት ሳሉጎች ዋነኞቹ ተጠቂዎች ናቸው። ደጋ ላይ ስላደጉ በሽታው አዲሳቸው ነው። ሌሊቱን ደግሞ ሜዳ ላይ ያድራሉ።

በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ ባለው በሊቦ ከምከም ወረዳ ሰው ባልታወቀ ትኩሳት ይሞት ጀመር። በመጀመሪያ መድኃኒት የማይበግረው ወባ ነው ተባለ። አካባቢው ካላዛር የሚታወቅበት አልነበረምና መጠርጠሩም ይከብድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 ምርመራው ካላዛር መሆኑን አረጋገጠ። ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን አዲስ ዘመን ከተማ ላይ ሕክምና ጀመረ። እስከ 2007 ድረስ 2,450 ያህል ሰው ታሞ 120 ገደማ ሞተ። ከቆላ የተመለሱ ሠራተኞች ሳያመጡት እንዳልቀረ ይታሰባል። በኋላ የተደረገ ጥናት ደግሞ ከቤት ውጭ፣ በተለይ ግራር ሥር፣ የሚያድሩ ሰዎች ይበልጥ እንደሚጠቁ አሳየ። ወባ ነው ተብሎ የጠፋው ጊዜ ዛሬም ያስቆጫል።

ቀጥሎ የሕክምናው ነገር አለ። ድሮ ታካሚው ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔት የተባለ መርፌ ለ30 ቀን ይወጋ ነበር። መርፌው ያማል፣ ልብም ይጎዳል። ችላ ለተባሉ በሽታዎች መድኃኒት የሚያፈላልግ ዓለም አቀፍ ድርጅትና የምሥራቅ አፍሪካ ሀገሮች ባለሙያዎች ያደረጉት ሙከራ መርፌው ፓሮሞማይሲን ከተባለ ሌላ መድኃኒት ጋር ተጣምሮ ሕክምናው በ17 ቀን ሊያልቅ እንደሚችል አረጋገጠ። የጎንደር የካላዛር ሕክምና ማዕከል ከሙከራው ጣቢያዎች አንዱ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ደገፈው፤ የሀገራችን መመሪያም ተከተለ። ለቀን ሠራተኛ የተረፈው 13 ቀን ማለት የደመወዝና የእህል ጉዳይ ነው።

ከሁሉ የከበደው ካላዛርና ኤች.አይ.ቪ. አንድ ሰው ላይ ሲገናኙ ነው። መድኃኒቱ አይሠራም፣ በሽታው ይመላለሳል፣ የመርፌው መርዝነት ይብሳል። ጎንደር ላይና በሱዳን ድንበር አጠገብ ባለችው አብደራፊ 58 ታካሚዎች የተሳተፉበት ሙከራ ተደረገ። ጥቂቶቹ አምቢዞም የተባለውን መድኃኒት ብቻ፣ ብዙዎቹ አምቢዞምን ከሚልቴፎሲን ክኒን ጋር ወሰዱ። ያልዳኑት ሕክምናው ተራዘመላቸው። በመጨረሻ በጥምሩ የታከሙት 88 በመቶ፣ በአምቢዞም ብቻ የታከሙት 55 በመቶ ዳኑ። ውጤቱ በ2019 ታተመ። በ2022 የዓለም ጤና ድርጅት ከዚህና ከሕንድ በተገኘ ማስረጃ ተነስቶ መመሪያውን ለወጠ። 58 ሰው ትንሽ ይመስላል። ግን እነዚህን ታካሚዎች የሚያገኘው፣ አስተኝቶ የሚከታተለውም እዚህ ያለ ሐኪም ነው። በመመሪያው ሥር የጎንደር ድካም አለበት ቢባል ማጋነን አይመስለኝም።

መደርደሪያ የሚያሞቁ ጥናቶች

ሁሉም ጥናት እንዲህ አይታደልም። አብዛኛው በእንግሊዝኛ ታትሞ ይቀራል። የቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ መረጃውን ሰብስባ የሰጠች ሆና ውጤቱን አታየውም። የመመረቂያ ጽሑፍ መደርደሪያ ያሞቃል። ጥያቄውን የሚመርጠው ብዙ ጊዜ ገንዘብ የሚሰጠው ነው፤ ወረዳው የሚያስጨንቀው ሌላ ሊሆን ይችላል። የካላዛሩ ውጤት መመሪያ ውስጥ የገባው አንዱ ምክንያት ከመጀመሪያው ጤና ሚኒስቴርና ሐኪሞቹ አብረው ስለነበሩበት ነው።

ከጎንደር ወጣ ብዬ አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ የሚያጥቡበት ወንዝ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቀንድ አውጣ ቢልሃርዚያ አስተላላፊ ነው። ግኝቱ በ1989 ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሰ ወልደዮሐንስ ጋር ዓለም አቀፍ ሽልማት አስገኘላቸው። እንዶድ ግን የሰፊ ዘመቻ መሣሪያ ሳይሆን ቀረ።

ዳባት

ከጎንደር በስተሰሜን 75 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ዳባት አለ። ዩኒቨርሲቲው ከ1996 ጀምሮ እዚያ የሕዝብና የጤና ክትትል ጣቢያ አለው። መረጃ ሰብሳቢዎች ቤት ለቤት ይዞራሉ። ማን ተወለደ፣ ማን አገባ፣ ማን ሄደ፣ ማን ሞተ ብለው ይመዘግባሉ። ብዙ ሰው ቤቱ በሚሞትበት ሀገር ከሆስፒታል መዝገብ ብቻ ተነስቶ ሕዝቡ በምን እንደሚሞት ማወቅ አይቻልም። ስለዚህ ሞት በደረሰበት ቤት ለቅሶው ጋብ ካለ በኋላ ይሄዳሉ። ያሳል ነበር? አብጦ ነበር? ስንት ቀን ታመመ? እያሉ የቅርብ ሰው ይጠይቃሉ። ሐኪሞች መልሱን አንብበው የሞቱን ምክንያት ይወስናሉ። ሥራው ትዕግሥት ይፈልጋል። ሐዘንተኛ ፊት ቅጽ ዘርግቶ መቀመጥ ቀላል አይደለም። ጠያቂው መጀመሪያ “እግዜር ያጥናችሁ” ይላል፤ ቅጹ የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነው።