ሠላሳን የተሻገረ ወንድ ከሥራ ውጭ ምን ይልበስ? ጎጃም ላይ የሚነገሩ ስህተቶችና እውነታው

ቅዳሜ ከሰዓት ደብረ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር ካፌ በረንዳ ላይ ተቀምጠህ የሚያልፈውን ወንድ ተመልከት። ሠላሳን የተሻገረው ወይ ስብሰባ የሚገባ ይመስላል፣ ወይ የታናሽ ወንድሙን ልብስ ያደረገ። ዘና ያለ ግን የተስተካከለ አለባበስ የሚያሳየን ሰው ብዙም አላገኘንም። በዚህ ላይ እርስ በርስ የምንነጋገረው ነገር አብዛኛው ስህተት ነው። ደጋግሜ የምሰማቸውን ላንሳ።

«ሠላሳ ከሞላህ ኮት ልበስ»

ብዙ ሰው የሠርግ ሙሉ ልብሱን ኮት ነጥሎ ከጅንስ ጋር ይለብሳል። የከበደ ሰው ለመምሰል ነው፤ ሐሳቡ ይገባኛል። ግን የሙሉ ልብስ ኮት ጨርቁ ስስ ነው፣ ያብለጨልጫል፣ ትከሻው ላይ ስፖንጅ አለው። የተሰፋው ከራሱ ሱሪ ጋር እንዲሄድ ነው። ከወፍራም ጅንስ ጋር ሲገናኝ ሁለቱ አይግባቡም። ሌላም ጉዳት አለው። ኮቱ በየቀኑ ፀሐይ ሲመታው ቀለሙ ይለቃል፣ ሱሪው ግን ቁም ሳጥን ውስጥ እንደ አዲስ ይቆያል። አንድ ቀን ሠርግ ስትጠራ ሁለቱ የተለያየ ቀለም ሆነው ታገኛቸዋለህ።

ለእረፍት ቀን ኮት ካማረህ ለብቻው የተሰፋ፣ ጨርቁ ወፈር ያለ፣ ትከሻው ላይ ስፖንጅ የሌለው ፈልግ። ካጣህ ደግሞ ካኪ ሱሪ፣ ንጹሕ ሸሚዝና ባለ አንድ ቀለም ሹራብ ያለ ምንም ኮት ሽክ ያደርጉሃል።

«ሰፋ ያለ ልብስ ቦርጭ ይደብቃል»

በዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ከሁሉም በላይ ሰውን የሚያበላሸው ይሄ ነው።

በሠላሳዎቹ ብዙዎቻችን ወገባችን ይሰፋል። ያኔ አንድ ቁጥር ከፍ ያለ ሸሚዝ እንገዛለን። ሸሚዙ ከሆድ ጫፍ ተነስቶ እንደ ድንኳን ወደ ታች ይወርዳል፤ ሆዱንም ከነበረው በላይ ያሳየዋል። ትከሻው ክንድ ላይ ይወድቃል፣ እጅጌው መዳፍ ይሸፍናል። ጠባብም መፍትሔ አይደለም። በቁልፎቹ መሃል ጨርቁ አፉን ከከፈተ ሸሚዙ ጠቦሃል፤ ተወው።

ሸሚዝ ስትገዛ ከትከሻ ጀምር። የትከሻው ስፌት የትከሻህ አጥንት የሚያልቅበት ቦታ ላይ ማረፍ አለበት። ወገቡ ከሰፋህ ልብስ ሰፊ በትንሽ ገንዘብ ያጠብልሃል። ትከሻን ማስተካከል ግን ልብሱን እንደገና መስፋት ማለት ነው፤ ብዙ ልብስ ሰፊ አይነካውም። የሸሚዙን ጫፍም እየው። ጎንና ጎኑ ከፍ ብሎ ፊትና ኋላው ረዘም ያለው ሱሪ ውስጥ እንዲገባ የተሠራ ነው። ዙሪያውን ቀጥ ብሎ የተቆረጠው ከሱሪ ውጭ ይለበሳል፤ ርዝመቱም ከዚፑ ማለቂያ ባይወርድ ጥሩ ነው።

ሱሪም እንደዚሁ ነው። ጫማ ላይ ተከማችቶ የሚቀመጥ ሱሪ አጭር ያስመስላል፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ጭቃውን ሁሉ ይሰበስባል። ልታሳጥር ስትሄድ ሁለት ነገር አድርግ። አዲስ ጅንስ ወይም የጥጥ ሱሪ ከሆነ መጀመሪያ አንድ ጊዜ እጠበው፣ ሊሰበሰብ ይችላልና። ከዚያ የምታዘወትረውን ጫማ አድርገህ ሂድ። ልብስ ሰፊው ተንበርክኮ ጫፉን በስፒል ሲይዝልህ ቀጥ ብለህ ፊት ለፊት እይ። አብዛኛው ሰው «እስኪ ልየው» ብሎ ያጎነብሳል። ያን ጊዜ ሱሪው ከኋላ ይሳባል፣ ልኩም ይሳሳታል።

«ቁምጣ የልጅ ልብስ ነው»

ይህን የጎጃም ሰው ሲለው ይገርመኛል። አባቶቻችን አርሰው ያሳደጉን፣ ገበያ ወጥተው የተከበሩት ካኪና አረንጓዴ ቁምጣ ለብሰው፣ ከላይ ጋቢ ጣል አድርገው፣ ዱላቸውን ይዘው ነው። ማንም ልጅ ናችሁ አላላቸውም። ባሕር ዳር ጣና ዳር በመጋቢት ፀሐይ ሠላሳ አምስት ዓመት የሞላው ሰው ቁምጣ ቢለብስ ምንም ነውር የለውም።

የሚያስቀይመው የቁምጣው ዓይነት ነው። በየቦታው ኪስ የተለጠፈበትና ከጉልበት በታች የሚንጠለጠለው፣ ወይም የኳስ መጫወቻው፣ መንገድ ላይ አያምርም። ጉልበት ላይ ወይም ከፍ ብሎ የሚያልቅ፣ ባለ አንድ ቀለም የጥጥ ቁምጣ ከፖሎ ቲሸርት ጋር ልበስ። ለቅሶ፣ ሽምግልናና ቤተ ክርስቲያን ሲሆን ከተሜው ረጅም ሱሪውን ያድርግ፤ በዚህ አልከራከርም።

«የማይጨማደድ ልብስ ምርጥ ልብስ ነው»

ሻጩ ጨርቁን ጨብጦ ይለቅና «ካውያ አይፈልግም» ይልሃል። ብዙውን ጊዜ ፖሊስተር ነው። ፖሊስተር ላብ አይመጥም፤ ሙቀት ይይዛል፣ ሽታውም ቶሎ አይለቅም። ባሕር ዳር ላይ እኩለ ቀን ሲሆን ከሸሚዙ ጋር ትጣላለህ። ጥጥ ይጨማደዳል፣ ግን ያስተነፍሳል።

ከገዛኸው ልብስ ላይ ጥጥ መሆኑን ለማረጋገጥ ከውስጥ ጠርዙ አንድ ክር ምዘዝና ከልብሱ አርቀህ ክብሪት አስነካው። ጥጥ እንደ ወረቀት ይነዳል፣ የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል፣ አመዱ ስትነካው ይበናል። ፖሊስተር ይቀልጥና ጫፉ ላይ ጠጣር ጥቁር ፍሬ ይሠራል። ባሕር ዳር ከ1950ዎቹ ጀምሮ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ያላት ከተማ ናት፤ ዩኒቨርሲቲዋም ራሱን የቻለ የጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለው። በዚህ አገር ጨርቅ ሳናውቅ መግዛታችን ያሳዝነኛል።

«አንድ ወፍራም ጃኬት ለሁሉም ይበቃል»

ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ደብረ ማርቆስ 2,400 ገደማ፤ እንጅባራም ደጋ ናት። በየ100 ሜትሩ ከፍታ ሙቀቱ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ይቀንሳል። ጠዋት ማርቆስ ላይ እየተንቀጠቀጠ ሚኒባስ የገባ ሰው ባሕር ዳር ሲወርድ ጃኬቱን ተሸክሞ ይውላል። ደራርበህ ልበስ፦ ከውስጥ ቲሸርት፣ ከላይ ሸሚዝ፣ ከዚያ ቀጭን ሹራብ ወይም ቀለል ያለ ጃኬት። እያወለቅህ ትሄዳለህ፤ እያንዳንዱም ለብቻው ሲታይ የሚያምር ይሁን።

«ማርኩ ካልታየ ልብስ አይደለም»

ደረቱ ላይ በትልቁ የተጻፈበት ቲሸርት አብዛኛው ኮፒ ነው። ኦሪጅናል ቢሆን እንኳ ሰው የሚያነበው ጽሑፉን እንጂ አንተን አያይም። ባዶ ነጭ፣ ግራጫና ጥቁር ሰማያዊ ግዛ።

«ሰልባጅ መልበስ ውርደት ነው»

ሰልባጅ ውስጥ ከአዲሱ የተሻለ ጥጥና ስፌት ይገኛል። ማየት ማወቅ ብቻ ነው። ልብሱን ወደ ብርሃን አውጣው፣ ገልብጠው። ኮሌታው ከውስጥ አልቆ እንደሆነ፣ ብብቱ ቢጫ ሆኖ እንደሆነ፣ የሱሪው መቀመጫና የጭኑ መገናኛ ሳስቶ እንደሆነ እይ። የሳሳ ጨርቅ አይጠገንም፤ የጎደለ ቁልፍና የተተረተረ ስፌት ግን ቀላል ነው። ጫማና የውስጥ ልብስ ብቻ አዲስ ግዛ።

«ነጠላና ጋቢ የበዓል ነው»

ማነው ያለው? ደጋ ላይ ቀዝቃዛ ማታ ከጅንስና ከሹራብ ላይ ንጹሕ ጋቢ ደርቦ ለቡና የሚወጣ ሰው የማያምርበት ቀን አላየሁም። ጥለቱ ቀጠን ያለውን ምረጥ።

«ልብስ በደንብ ካልታሸና ፀሐይ ካልመታው አይጠራም»

ጥቁር ጅንስ በጥቂት ወራት ግራጫ የሚሆነው ብዙውን ጊዜ በአስተጣጠባችን ነው። ገልብጠህ በቀዝቃዛ ውኃ እጠብ፣ አትቦጭቀው፣ ጥላ ላይ እንደተገለበጠ አስጣው። በረኪና ነጭ ጥጥ ላይ ብቻ፣ ያውም በጣም አቅጥነህ፤ የሚለጠጥ ክር ያለበትን ልብስ ያደርቀዋል፣ ቢጫም ያደርገዋል። ዝናብ የበላውን የቆዳ ጫማ ደግሞ ምድጃ አጠገብ አታስቀምጥ፣ ይሰነጠቃል። ውስጡን በጋዜጣ ሞልተህ ጥላ ላይ አሳድረው፤ ጠዋት ሊስትሮው ቀለም ይቀባልህ።